ኮምቦልቻ ላይ ጎማ ካስቸገራችሁ እኚህ ሰው ጋ ሂዱ

ባለፈው ወር ለዘመድ ሰርግ ወደ ደሴ ስሄድ ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ትንሽ የጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት መኪናዬን አቆምኩ። ጎማዬ ምንም አልሆነም። የቆምኩት ባለቤቱን ለማየት ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ማመስገን ስጀምር "ተው እንጂ ልጄ" ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ፊት ለፊት አላስጨረሱኝምና እዚህ ልጨርሰው።

ከጋሼ ጋር የተዋወቅነው ሳውዲ ነው። ሪያድ አንድ ጋራዥ ውስጥ እሳቸው ጎማ ላይ፣ እኔ ሹፌር ሆነን እንሠራ ነበር። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ላይ አንድ አነስተኛ የግል ቡድን ለዳካር ራሊ ሠራተኛ ሲፈልግ ሁለታችንም ተቀጠርን። ለማታውቁት፣ ዳካር በ1978 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከፓሪስ ተነስቶ ሴኔጋል የሚገባ ውድድር ሆኖ ነው የተጀመረው። በፈረንጆቹ 2008 በጸጥታ ስጋት ተሰረዘ፣ ከዚያ ደቡብ አሜሪካ ከረመ፣ ከፈረንጆቹ 2020 ወዲህ ደግሞ የሳውዲ በረሃ ላይ ነው። እኛ የሠራንበት ከቀይ ባሕር ዳር ተነስቶ ደማም የሚያልቅ፣ ወደ 8,500 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነበር።

በቴሌቪዥን መኪናው ከአሸዋ ክምር ላይ ሲዘል ታያላችሁ። እኛ ያንን አንድ ቀን እንኳን አላየንም። የድጋፍ መኪና በአስፋልት ዞሮ ቀድሞ የማታው ሰፈር ይገባል። ቢቩዋክ ይሉታል። ሸራ መሬት ላይ ታነጥፋለህ፣ ጀነሬተር ታስነሳለህ፣ መብራት ትሰቅላለህ፣ ትጠብቃለህ። ለሌላው ሰው ቀኑ ሲመሽ ያንተ ይጀምራል። መኪናው አቧራ ለብሶ ይመጣል፣ መካኒኮቹ እየፈታቱ ያድራሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ታጥቦና ተገጥሞ መቆም አለበት። የጥር በረሃ ደግሞ ሌሊቱን አጥንት ድረስ ይበርዳል።

በሁለተኛው ቀን ወደ አልኡላ የሚወስደው መንገድ ድንጋይ ብቻ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የሆነው ሴባስቲያን ሎብ እንኳን በዚያ ቀን ሦስት ጎማ ተቀዶበት ከ1 ሰዓት በላይ አጥቷል። የእኛ መኪናም ሁለቱን ስኮርታ (መጠባበቂያ ጎማ) ጨርሳ ነው የገባችው። ጋሼ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከዚያ ችግሩን አስረዱኝ። አሸዋ ላይ ንፋስ ይቀነሳል፣ ጎማው ተዘርግቶ እንዳይሰምጥ። ያው ንፋሱ የቀነሰ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ግን በቸርኬው፣ ማለትም በጎማው ብረት፣ እና በድንጋዩ መሃል ይቀረቀርና ይቆረጣል። አንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት መሬት ካለ ሹፌሩ የቱን ይመርጣል? ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ንፋስ የሚለኩት ጠዋት ብቻ ነው፣ ጎማው ገና እንደቀዘቀዘ። የጋለ ጎማ ላይ ያለው ቁጥር ውስጡ በሞቀው አየር ከፍ ብሎ ይታያል፤ እሱን አምኖ ንፋስ የቀነሰ ሰው ጠዋት ላይ ከሚገባው በታች ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ በ10 ሰዓት ሌሊት በግንባራቸው መብራት አስረው ጎንበስ ብለው አገኛቸዋለሁ። ዳዶ (የጎማውን ማሰሪያ ብሎን) ካጠበቁ በኋላም ከዳዶው እስከ ቸርኬው በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ያሰምራሉ። ዳዶው ትንሽ እንኳን ከላላ መስመሩ ይሰበራል፣ ማንም ሰው ቆሞ በዓይኑ ያየዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ጠይቄያቸዋለሁ፣ "እኔ ብተኛ ሌላው እንዲያይልኝ ነው" አሉኝ።

ሀይል ከተማ ስንደርስ ጎማ አለቀብን። የቡድኑ ኃላፊ አንዱን የተቀደደ ለጥፈው ስኮርታ እንዲያደርጉት ጠየቃቸው። ጋሼ እንግሊዝኛ ስለማይናገሩ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ጎማውን ወደ መብራቱ አዙረው አሳዩኝ። የተቀደደው ጎኑ ላይ ነው። "መሬት የሚረግጠው በኩል ቢሆን እለጥፈው ነበር። ጎኑ ሁልጊዜ ይተጣጠፋል፣ ልጥፉን ይተፋዋል። ሰው ይገድላል በለው።" አልኩት። ሰውዬው ተቆጣ፣ እንዲያውም ሌላ ሰው እንደሚያመጣ ዛተ። ጋሼ ድምፃቸውን አልጨመሩም። ጃኬታቸውን ደርበው ወጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሌላ ቡድን ለምነው ያገኙትን ደህና ጎማ በእጃቸው እያንከባለሉ መጡ። በማግስቱ መኪናችን በደህና ገባች። ኃላፊው ማታውን መጥቶ ጨበጣቸው።

አሁን የምነግራችሁ ስለ ጎማ አይደለም። በዚያ ሰሞን የነቢያት ጾም ላይ ነበርኩ። ጋሼ የወሎ ሙስሊም ናቸው፣ ግን በ14 ዓመት የጋራዥ ኑሮ ውስጥ የማን ጾም መቼ እንደሚገባ ያውቃሉ። ከሰፈሩ ምግብ ፉሉን ለይተው ያስቀምጡልኝ ነበር። የገና ዋዜማ ዕለት ቀጣዩ ሰፈር፣ አል ዱዋድሚ፣ በዝናብ ተጥለቀለቀና ሁላችንም ወደ ሪያድ እንድንሄድ ተባለ። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በዝናብ ነዳሁ። ጋሼ ጎኔ ተቀምጠው እንዳልተኛ ያወሩኛል። ሪያድ ስንገባ እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ገና መሆኑን እኔው ራሴ ረስቼዋለሁ። ከጃኬታቸው ኪስ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሦስት የተቀቀለ እንቁላል። "እንኳን አደረሰህ ልጄ፣ ፍታ" አሉኝ። ከሀይል ጀምሮ ይዘውት ነበር።

ደማም ድረስ ሄድን፣ መኪናችን ጨረሰች። ከመጨረሻዎቹ ጋር ብትሆንም ጨረሰች።

ጋሼ ካገር ከገቡ ቆይተዋል። ሱቃቸው ኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውጫ ላይ ነው፣ ሚሌና ጅቡቲ የምትመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች በበሩ ታልፋላችሁ። አንድ ጎማ ነቅለው ሌላውንም ሳይጠየቁ ያያሉ፣ ላዩትም አያስከፍሉም። የማያስፈልግ ነገር አይሸጡም። ዋጋ ቀድመው ይናገራሉ። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ለጥፉልኝ ብላችሁ ግን አትጨቅጭቋቸው፣ እንቢ ይሏችኋል፤ እንቢታቸውን እመኑት። ቁልቁለቱ ከፊታችሁ ነው። ደግሞ ዳዶዎቻችሁ ላይ ነጭ መስመር ስታዩ አትጥረጉት።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ አልለጥፍም፣ አይወዱትም። ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ትክክለኛ ምልክቱን እነግራችኋለሁ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። ደማም ላይ የሰጡኝ የንፋስ መለኪያ ዛሬም የመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ሳልንቀሳቀስ፣ እለካለሁ።