ባዮሴራሚክ ሲለር ጨረር ለወሰደ ታካሚ፦ ያዋጣል?

ባጭሩ ያዋጣል፣ ግን ሻጮቹ በሚያወሩት ምክንያት አይደለም። እነሱን ከሰማህ ሲለሩን (ሥሩ ሲሞላ ክፍተቱን የሚደፍነውን ማጣበቂያ) ካናሉ ውስጥ፣ ማለትም የጥርሱ ሥር ውስጥ ባለው ቱቦ፣ ጨመርክ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። እኔ የምጠቀመው በሲሪንጅ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ነው፣ ብራንዱን አልጠራም ምክንያቱም ያየኋቸው ሁሉ ተቀራራቢ ናቸው።

ለምን ሩት ካናል (የጥርሱን ሥር ውስጡን አጽድቶ መሙላት)፣ ነቅሎ መገላገል አይሻልም ወይ ለሚል፦ 60 እና 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያረፈበት መንጋጋ ላይ፣ በተለይ የታችኛው ላይ፣ ጥርስ ከነቀልክ ቁስሉ አልድን ብሎ አጥንቱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ላዩ እንኳን ባይተርፍ ሥሩን አጽድተህ ሞልተህ እዛው ብትተወው ይሻላል።

አሁን ወደ ሲለሩ። እኛ የጥርስ ሐኪሞች ሁላችንም የለመድነው ሲለር፣ ኤኤች ፕላስ፣ ኢፖክሲ ሬዚን ነው፣ ጥርሱን የሚይዘው በከፊል ዴንቲን (የጥርሱ ውስጠኛ ጠንካራ ክፍል) ውስጥ ካለው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ነው ይባላል፣ ጨረር ደግሞ የሚጎዳው ያንኑ ኮላጅን ነው። በተነቀሉ ጥርሶች ላይ ላቦራቶሪ ውስጥ ከተሰሩ ጥናቶች አንዳንዶቹ ጨረር ያገኘው ዴንቲን ላይ ሲለር ሲላላ አይተዋል፣ አንዳንዶቹ ብዙም ልዩነት አላገኙም። ባዮሴራሚኩ ካልሲየም ሲሊኬት ስለሆነ የሚጠነክረው ከዴንቲኑ እርጥበት ወስዶ ነው፣ ኮላጅን ላይ ያን ያህል አይንጠለጠልም፣ ቢሆንም እሱም ከጨረሩ ሙሉ በሙሉ ያመልጣል ብዬ አልምልም። በዚህ ብቻ ቢሆን ያን ሁሉ ብር አላወጣም ነበር።

እኔን ያሸነፈኝ ሌላ ነገር ነው። በቀደም አንድ ጋሼ መጡ፣ አፋቸው ሁለት ጣት አያስገባም፣ ምራቅ የለ፣ ሃይላንዳቸውን ይዘው በየመሃሉ ካልተጎነጩ ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ ይጣበቃል፣ ጥርሱ ደግሞ ታች ከኋላ። ፋይሉን (ካናሉን የምናጸዳበትን ቀጭን መሣሪያ) ራሱ አጎንብሼ በጎን ነው ያስገባሁት፣ እንዲህ ያለ አፍ ውስጥ ጉታ ፐርቻ (ካናሉ የሚሞላበት ጎማ መሰል ነገር) አሙቆ መጠቅጠቅ የማይታሰብ ነው። «ዶክተር አለቀ?» ይላሉ፣ «ትንሽ ይታገሱኝ ጋሼ» እላለሁ። ሲለሩን ገፋ፣ አንድ ኮን (የጉታ ፐርቻ ሹል ዘንግ) አስገባ፣ ቁረጥ፣ አለቀ። መበጥበጥ የለ፣ መንጋጋ ይዞ ማቆየት የለ። ለእንደዚህ አይነት ታካሚ ይሄ ጊዜ ወርቅ ነው።

የማይወደድለት አለ። ከጠነከረ በኋላ ሪትሪትመንት (ሙሊቱን አውጥቶ ሥሩን እንደገና ማከም) በቀላሉ ይሆናል ብለህ አትመን፣ በተለይ ኮኑ እስከ ጫፍ ካልደረሰ ፋይሉ እንደ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ይቀራል። ካናሉን በፔፐር ፖይንት (እርጥበት የሚመጥ ቀጭን ወረቀት) አጥንት እስኪመስል ማድረቅም ልክ አይደለም፣ የሚጠነክርበትን እርጥበት ነው የምትወስድበት። ክዳኑ በደንብ ካልተዘጋ ሲሪንጁ ውስጥ ይደርቃል፣ ጫፉ ላይ የሚቀረውና የሚጣለው ደግሞ ሁሌ ያናድደኛል፣ በዚህ ዋጋ!

አንድ ነገር ግን፦ ሲለር ብቻውን ጥርሱን አያድነውም። ምራቅ የሌለው አፍ ውስጥ ጥርሱ ከድዱ ጥግ ነው የሚበሰብሰው፣ ከላይ ያለው ሙሊት ካፈሰሰ የታችኛው ምንም ቢሆን ዋጋ የለውም። ግላስ አዮኖመር የሚባለውን ሙሊት ከሞላህ አሲድ ያለበትን ፍሎራይድ ጄል አትስጣቸው፣ ይበላዋል፣ ኒውትራል ሶዲየም ፍሎራይድ ይስማማል።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷ የሄደችው በሪትሪትመንቱ ነው። አፉ በደንብ ለሚከፈት፣ ጨረር ላልነካው ሰው ኤኤች ፕላሴን አልቀየርኩም።