ሰሌዳው 1222 አለ፤ ኩባያዎቹ ግን ሌላ ተናገሩ፦ የኤሌክትሪክ እቶናችን ከ14 ወር በኋላ

ክዳኑን የከፈትኩት ማለዳ ላይ ነው። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ሌሊቱን 1222 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ በሰላም መጥፋቱን ያሳያል፤ አንድም የስሕተት ምልክት የለበትም። ውስጥ ያገኘሁት ግን ሌላ ነበር። ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት በመንኰራኩር ላይ ሲያወጣቸው የሰነበተው 64 ኩባያዎች ልባሳቸው፣ ማለትም ሲቃጠል እንደ ብርጭቆ የሚሆነው ሽፋናቸው፣ እንደ ማር ወርዶ እግራቸው ሥር ረግቷል። ከንፈራቸው ላይ ሳስቶ ቡናማው ጭቃ ይታያል፤ ከታች አረንጓዴው ወፍሮ እንደ ብርጭቆ ጠብታ ተንጠልጥሏል። አንዱን ለማንሣት ስሞክር የመደርደሪያውን ቁራጭ ይዞ ተነሣ። ከ64ቱ የተረፉት 11 ናቸው።

እቶኑን ከገዛን 14 ወር ሆኖናል፤ በመዝገባችን መሠረት 131 ጊዜ አቃጥለንበታል። ያ ማለዳ የ96ኛው ቃጠሎ ማግስት ነበር። ስለ ሌላው ነገር ብዙ የምለው የለኝም፤ ጡቦቹ ደህና ናቸው፣ ማሞቂያ ሽቦዎቹ ገና አልደከሙም፣ ክዳኑ በደንብ ይገጥማል። የምጽፈው የእቶኑን ሙቀት ስለምትለካ አንዲት ቀጭን ዘንግ ነው።

በእኛ ቤት ሥራው የተከፈለው እንዲህ ነው፤ እሱ ጭቃውን ያሻል፣ ያሽከረክራል፣ እጀታ ይቀጥላል፤ እኔ ልባሱን እበጠብጣለሁ፣ እነክራለሁ፣ አቃጥላለሁ። ስለዚህ እሳቱ የእኔ ኀላፊነት ነው። እቶኑን ስንገዛ ሻጩ በትልቅ ኩራት «ከእንግዲህ ኮን የሚባለውን ነገር ይርሱት፤ ቁጥሩን ያስገቡና ይተኙ» አለኝ። አመንኩት። ባለቤቴ በሦስተኛው ወር ላይ «መሃል መደርደሪያው ላይ አንድ ኮን እንኳ እናስቀምጥ፤ ምን ይጎዳናል?» ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ኮን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከልባስና ከሸክላ ጋር በሚቀራረቡ ማዕድናት ተቀምሞ የተሠራ፣ ከጣት የሚያንስ ሹል ነገር ነው። ሄርማን ዜገር በርሊን ላይ በ1886 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ ኤድዋርድ ኦርተን ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱን ኮኖች ማምረት ጀመረ። ኮኑ ሙቀቱ ሲበቃው ይለሰልሳል፣ ጫፉ ያጎነብሳል። ከኮን 5 እስከ 8 ባሉት ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ለማጎንበስ የሚፈልገው ሙቀትም ይጨምራል። የምንጠቀምበት ኮን 6 በመጨረሻው ሰዓት ሙቀቱ በሰዓት 60 ዲግሪ እየጨመረ ከሄደ በ1222 ዲግሪ ገደማ ይጎነበሳል። ዋናው ነገር ኮን ሙቀትን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ የቆየበትን ጊዜም አብሮ መቁጠሩ ነው። ሸክላውም የሚበስለው በዚሁ መንገድ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ግን የአንዲት ነጥብ፣ የአንዲት ቅጽበት ንባብ ነው።

ያን ቁጥር የሚልከው ቴርሞካፕል ይባላል፤ ሁለት ዓይነት የብረት ቅይጥ ጫፍ ለጫፍ የተበየዱበት ዘንግ ነው። መገናኛው ሲሞቅ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ መቆጣጠሪያው ያንን ለክቶ ወደ ዲግሪ ይቀይረዋል። የእኛ እቶን የመጣው ኬ ከሚባለው፣ ከኒኬል ቅይጥ ከሚሠራው ዓይነት ጋር ነው። በ1222 ዲግሪ የሚሰጠው ኃይል 50 ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም። የአንድ ወር ድካማችን በዚህች ታህል ምልክት ላይ ተንጠልጥሎ ሲኖር አላወቅንም ነበር።

ሻጩ ጋ ስደውል መጀመሪያ ያለኝ «ምናልባት ልባሱን አወፍረውት ይሆናል» ነው። አንድ ሊትር ልባሴ 1450 ግራም መሆኑን ሳልመዝን እንደማልነክር ነገርኩት። «እንግዲያው ዕቃውን አጨናንቀው ደርድረውት ይሆናል» አለ። አደራደሩ ከ40ኛውና ከ60ኛው ቃጠሎ ጋር አንድ መሆኑን፣ ሥዕሉም በመዝገቤ ላይ እንዳለ ነገርኩት። ከዚያ ዝም አለ። እኔ ግን ዝም አልልም። ጥፋቱን በሥራዬ ላይ ከመለጠፉ በፊት ስለ ቴርሞካፕሉ ዕድሜ አንድ ጥያቄ ሊጠይቀኝ ይገባው ነበር፤ አልጠየቀም።

በማግስቱ ባለቤቴ ኮን 6፣ 7 እና 8ን በትንሽ ጭቃ ላይ ተክሎ በሦስቱም መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። እቶኑን በተለመደው አቃጠልነው። ሰሌዳው እንደገና 1222 አለ። ስንከፍት ኮን 6 እና ኮን 7 መሬት ላይ ተኝተዋል፤ ኮን 8 እንደ ቀስት ጎብጦ ጫፉ መሬት ነክቷል። እውነተኛው ሙቀት ሰሌዳው ከሚለው በ25 ዲግሪ ያህል ይበልጥ ነበር ማለት ነው።

ዘንጉን ነቅለን አወጣነው። አዲስ ሳለ ከ3 ሚሊሜትር የወፈሩት ሁለቱ ሽቦዎች ጫፋቸው ላይ እንደ አሮጌ የዛፍ ቅርፊት ተላልጠዋል፤ በጣቴ ስነካቸው ጥቁር ቅርፊት በመዳፌ ላይ ተራገፈ። ይህ የተሰበረ ዕቃ አይደለም፤ ቢሰበርማ እቶኑ ቆሞ ይነግረን ነበር። እየተበላ፣ በየቃጠሎው ጥቂት ጥቂት ዝቅ አድርጎ እያነበበ የኖረ ዕቃ ነው። መቆጣጠሪያው ገና አልደረሰም እየተባለ ማሞቁን ቀጠለ።

ምልክቱ ግን ነበር። ከ70ኛው ቃጠሎ በኋላ ደብዛዛው ነጭ ልባሴ ቀስ በቀስ ማብረቅረቅ ጀምሮ ነበር። ደንበኞች ወደዱት፤ እኔም ጭቃው ከልባሱ ጋር ተስማማ ብዬ ደስ አለኝ። የሳህኖቹ እግርም ከበፊቱ ጠቆር ብሏል። ባለቤቴ አንድ ሳህን ገልብጦ ጣቱን እግሩ ላይ እያሸ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሲያየው አስታውሳለሁ። ምን እያየ እንደሆነ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

መመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ቴርሞካፕል በአገልግሎት የሚያልቅ ክፍል መሆኑ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ፤ ግን ከቃጠሎው በኋላ። ሻጭ «ቁጥሩን ያስገቡና ይተኙ» ከማለቱ ጋር ይህንንም ለመናገር የሚፈጅበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ያንን ዐረፍተ ነገር ስለ ነፈገኝ አልዘነጋለትም።

ለሚገዛ ሰው የምለው ይህ ነው፤ ሻጩን ስለ ክዳኑ ቀለም ሳይሆን ስለ ቴርሞካፕሉ ጠይቁት። ኬ ከሆነ መለዋወጫ አብራችሁ ግዙ፤ እንደ እኛ በሳምንት ሁለት ጊዜ በዚህ ሙቀት የምታቃጥሉ ከሆነም ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። ከፕላቲነምና ከሮዲየም የሚሠራው ኤስ የሚባለው ዓይነት ውድ ነው፤ ግን በዚህ ሙቀት ላይ ንባቡ ለረጅም ጊዜ ይጸናል። እሱን ስታስገቡ ግን የመቆጣጠሪያውን ቅንብርና የማገናኛውን ሽቦ አብራችሁ መቀየር አለባችሁ። ኤስ በ1222 ዲግሪ የሚሰጠው 12 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው። ቅንብሩ ኬ ላይ ከቀረ መቆጣጠሪያው ገና 300 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ይመስለዋል፤ ማሞቁንም አይተውም። ይህን ሳታረጋግጡ እቶኑን እንዳታበሩት እለምናችኋለሁ።

እቶኑን በመግዛቴ ተጸጽቻለሁ? በዚያ ማለዳ ብትጠይቁኝ አዎን እል ነበር፤ እነዚያን 53 ኩባያዎች በመዶሻ እያላቀቅን ስንጥል ባለቤቴ አንድ ቃል ሳይናገር አብሮኝ ይሠራ ነበር፤ ዝምታው ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። ዛሬ ብትጠይቁኝ እቶኑን አልመልስም፤ ነገር ግን ያንን ሻጭ አምኜ ለማንም አልመሰክርለትም። ይህን እቶን ያለ ኮን ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

ከ97ኛው ጀምሮ ያለ ኮን የጫንንበት ቀን የለም። ትናንት ማታ የመጨረሻው ሰዓት ላይ ጥቁሩን የብየዳ መነጽር አድርገን በመመልከቻው ቀዳዳ ፊት እየተፈራረቅን ቆምን። ኮኖቹ በብርቱካናማው ብርሃን ውስጥ እንደ ጥላ ይታያሉ። ኮን 5 ወድቋል፤ ኮን 6 ቀስ እያለ ያጎነብሳል። አዲሱ ዘንግ ከተተከለ 34 ቃጠሎ ሆኖታል። ባለቤቴ ዓይኑን ከቀዳዳው ሳያነሣ «ነካ!» አለ። ሰሌዳውን አየሁት፤ 1214 ይላል። አጠፋሁትና መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ኮን 6 ወርዷል፤ ሰሌዳው 8 ዲግሪ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ኤስ ይታዘዝ።