የዲስክ ኢሜጅ ፋይል መክፈቻ፦ የትኛው በነጻ ይበቃል፣ ለየትኛውስ ይከፈላል?

ሊሞት የደረሰ ሃርድ ዲስክ ይዞ ጥገና ቤት የሄደ ሰው አንዳንዴ ይዞ የሚመለሰው የዲስኩ ሙሉ ቅጂ የሆነ አንድ ግዙፍ ፋይል ነው፤ ዲስክ ኢሜጅ ይባላል። ስሙ አይኤምጂ (.img) ወይም ዲዲ (.dd) በሚል ያበቃል። ዲስኩ 500 ጊጋባይት ከነበረ ፋይሉም 500 ጊጋባይት ነው። ፎቶዎ 20 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም ባዶው ቦታ ጭምር ተቀድቷል።

አይኤምጂ የሚለውን ዊንዶውስ ላይ ዳብል ክሊክ ሲያደርጉት ፋይሉ ተበላሽቷል የሚል መልእክት ይመጣል። አይደንግጡ። ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ በራሱ የሚከፍተው አይኤስኦን (የሲዲና የዲቪዲ ኢሜጅ) እና ቪኤችዲን (የምናባዊ ዲስክ ፋይል) ነው። የእርስዎን ፋይል እንደ ሲዲ ሊያነበው ይሞክርና ያቅተዋል።

ሰው ኪሱን የሚነካው እዚህ ጋ ነው። ጎግል ሲያደርግ አልትራአይኤስኦና ፓወርአይኤስኦ ይመጡለታል። ሁለቱም ወደ 30 ዶላር ገደማ ናቸው፤ ዋና ሥራቸው ግን የሲዲና የዲቪዲ ኢሜጅ ነው። ለዚህ ጉዳይ አይግዟቸው። ክራክ የተደረገውን ከቴሌግራም ማውረድ ደግሞ ይባስ! የቤተሰብ ፎቶ ለማዳን ብሎ ቫይረስ መጋበዝ ምን ይሉታል?

ዊንዶውስ ላላቸው ትክክለኛው ፉክክር በሁለት ነጻ ሶፍትዌሮች መካከል ነው፦ ሰቨን-ዚፕና ኦኤስኤፍማውንት።

ሰቨን-ዚፕን ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚፕ መፍቻነቱ ነው። የዲስክ ኢሜጅም ይከፍታል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ በደካማ ኢንተርኔትም ቶሎ ይወርዳል። ፋይሉን በራይት ክሊክ ሲከፍቱት በዲስኩ ላይ የነበሩት ፓርቲሽኖች (ዲስኩ የተከፈለባቸው ክፍሎች) ተደርድረው ይታያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ነው የእርስዎ። እሱን ከፍተው ወደ ዩዘርስ ይግቡ፣ የፈለጉትን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ይጎትቱ፣ በቃ። የሊኑክስ ኮምፒውተር ዲስክ ቢሆንም ያነበዋል።

ደካማ ጎኑ አንድ ነው፦ ፎቶ ወይም ቪዲዮ እዚያው ከፍተው ለማየት ሲሞክሩ መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ጊዜያዊ ፎልደር ይገለብጠዋል። የሁለት ሰዓት የሰርግ ቪዲዮ በዚህ መንገድ ከከፈቱ ሲ ድራይቭዎ ሊሞላ ይችላል።

ኦኤስኤፍማውንት ሌላ መንገድ ይዟል። ኢሜጁን ልክ እንደተሰካ ፍላሽ ያደርገዋል፤ የድራይቭ ፊደል ያገኛል፣ ፎቶዎቹ ገና ሳይከፈቱ በትንንሽ ምስል ይታያሉ፣ አንቲቫይረስም እንደ ማንኛውም ድራይቭ ይፈትሸዋል። ቫይረስ ከነበረበት ኮምፒውተር የመጣ ኢሜጅ ከሆነ እኔ ይህን ነው የምመርጠው። ካልቀየሩት በስተቀር ለንባብ ብቻ ስለሚከፍተው ዋናውን ፋይል አይነካም። ለንባብ ብቻ የሚለውን ምልክት አያንሱት።

ችግሩ የሚያነበው ዊንዶውስ ራሱ መሆኑ ነው። ዊንዶውስ የማያውቀው የሊኑክስ ፓርቲሽን ከሆነ ወይም የፓርቲሽኑ መዋቅር ከተጎዳ፣ ድራይቩን ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል። ካንስል ይበሉ።

ሦስተኛው ኤፍቲኬ ኢሜጀር ነው። የምርመራ ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል፤ በነጻ ይገኛል፣ ገጽታው ግን ያረጀ ነው። የተሰረዙ ፋይሎችን በቀይ ኤክስ ምልክት ያሳያል። ኢሜጁ ኢ01 በሚል የሚያበቃ ከሆነ በቀጥታ ወደዚህ ይምጡ። ለተራ ሥራ ግን ይበዛል።

ኡቡንቱ ያላቸው ምንም መጫን ላይጠበቅባቸው ይችላል፤ ዲስክስ የሚለው ፕሮግራም ኢሜጁን ይከፍታል። ማክም አይኤምጂን ብዙ ጊዜ በራሱ ይከፍታል፣ የሊኑክስ ፓርቲሽን ግን አያነብም።

ታዲያ ገንዘብ የሚወጣው መቼ ነው? ኢሜጁ ተከፍቶ ፎልደሮቹ ከጠፉ ወይም ፋይሎቹ ስማቸው ብቻ ከቀረ ነው። ያኔ የሚያስፈልገው መክፈቻ ሳይሆን ማዳኛ ሶፍትዌር ነው። ፎቶሬክ በነጻ ይሞክራል፣ ብዙ ፎቶም ያወጣል፤ ነገር ግን ስምና ፎልደር አይመልስም። ሺህ ፎቶ በቁጥር ስም ተዘበራርቆ ይመጣልዎታል። ዲኤምዲኢ ፎልደሩን ከነስሙ መልሶ ለመገንባት ይሞክራል፤ ነጻው ዓይነትም በአንድ ጊዜ ከአንድ ፎልደር እስከ 4000 ፋይል ያወጣል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ሊበቃ ይችላል። አር-ስቱዲዮ የበለጠ ውድ ነው። ነጻ ሙከራው ግን ምን ማዳን እንደሚችል ያሳያል፣ ትንንሽ ፋይሎችንም ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በሙከራው ፎቶዎን በዓይንዎ ይዩት፣ ከዚያ ይክፈሉ። በተለይ የሚከፍልልዎ የዶላር ካርድ ያለው ውጭ አገር ያለ ዘመድዎ ከሆነ፣ ሰውየውን ከማስቸገርዎ በፊት።

አንድ ነገር ደግሞ የጥገና ባለሙያውን ይጠይቁ፦ ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ተቆልፎ ነበር ወይ? ተቆልፎ ከነበረ የይለፍ ቃሉ ወይም ባለ 48 አኃዙ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ የማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሳይገኝ ግን ከላይ ካነሳኋቸው አንዱም፣ በነጻም ሆነ በክፍያ፣ ፎቶዎን አያወጣልዎትም።