ቻሌንጀር ወይስ ፓዮኒር?

ሁለቱም የመንግሥት የባሕር ጥናት መርከቦች ነበሩ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነበር።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይሏ ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞረች። አብዛኞቹ መድፎቿ ተነስተው በቦታቸው ቤተ ሙከራ ገባ። ጥልቀት የሚለካው ክብደት በታሰረበት ገመድ ነበር። በ1875 በምዕራብ ፓስፊክ፣ በማሪያና ደሴቶች አካባቢ ገመዱ ከ8,000 ሜትር በላይ ወርዶ ነው ወለሉን የነካው። አስቡት፣ በገመድ!

አሜሪካዊቷ ፓዮኒር ዓለምን አልዞረችም። በ1955 ከምዕራብ ጠረፍ ማዶ፣ ማግኔቶሜትር (የማግኔት መስክ መለኪያ) ከኋላዋ እየጎተተች፣ እንደሚያርስ ገበሬ ትልም በትልም ተመላለሰች። አሰልቺ ሥራ ነው። ውጤቱ ግን ጉድ ነበር፦ በካርታው ላይ ጠንካራና ደካማ የማግኔት መስክ እየተፈራረቁ ዥንጉርጉር መስመር ሠሩ። በ1963 እንግሊዛውያኑ የምድር ሳይንስ ተመራማሪዎች ቫይንና ማቲውስ እንዲህ ያለው መስመር ምን እንደሆነ አስረዱ። ወለሉ መሃል ላይ እየተሰነጠቀ አዲስ ዓለት ይወጣል፤ ዓለቱ ሲቀዘቅዝ የዘመኑን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። አቅጣጫው ደግሞ በየዘመኑ ይገለበጣል፤ መስመሩ የሚፈራረቀውም ለዚህ ነው።

ስፋት ለሚፈልግ ቻሌንጀር ትበልጣለች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ የባሕር ፍጥረታትን አስመዝግባለች። እኔ ግን ያለማመንታት ፓዮኒርን እመርጣለሁ። የእኛ አፋር ለምን እንደሚሰነጠቅ የምንረዳው በዚሁ እውቀት ነውና።