ለሶላር ዕቁባችን ባለሙያ ምስጋና፣ ለደብረ ብርሃን ሰዎች ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሆን ብዬ አንድ ክረምት ጠበቅሁ። ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ሥራው የሚታወቀው ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ አለፈ፣ ጭጋጉም በረዶውም መጥቶ ሄደ፣ የአሥራ ሁለታችንም ቤት ይሠራል። እንግዲህ ልናገር።

ነገሩ የተጀመረው በዕቁብ ነው። ሰኔ 2016 ላይ አሥራ ሁለት ጎረቤታሞች ተሰብስበን በየወሩ እንጥላለን፣ ዕጣው የወጣለት ቤት ሶላር ያስገባል ተባባልን። መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ ፍለጋ መሯሯጡ መሮን ነበር። የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ ወጣ። እኔም ጉጉቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ብቻዬን አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፤ የሱቁ ሰው መጥቶ ሰቀለልኝና ሄደ። ሁለተኛው ዕጣ ሳይወጣ ሐምሌ 22 ቀን ብሩ ተንሳፈፈ። 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ሲያልፍ የወሩ ዕቁብ ኢንቨርተሩን (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረውን ሳጥን) እንኳ አልገዛ አለ። የዕቁቡ ዳኛ በስብሰባ ላይ "በዚህ አያያዝ ለመጨረሻው ባለ ዕጣ የሚደርሰው አምፖል ብቻ ነው" አሉ። ሳቅን፣ ግን እውነታቸውን ነበር። ዕጣ ማውጣቱ ቀረና ገንዘቡን አጠራቅመን የአሥራ አንዱንም ቤት በአንድ ጊዜ ልንገዛ ተስማማን። እኔ ድርሻዬን ወስጃለሁና መዋጮዬን እስከ መጨረሻው ከፈልኩ፤ ይህ የማይነገር ግዴታ ነው።

እኔ ቤት የተሰቀለው ግን ለጎረቤት የሚያሳዩት አልነበረም። መብራት በሄደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ባትሪው ያልቃል። ባለቤቴ "ከሻማው በምን ተሻለ?" ትለኛለች፤ መልስ አልነበረኝም። ባለሙያውን ያገኘሁት በዚህ መሀል ነው፣ በእህቴ ልጅ በኩል።

አዲስ ባትሪ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ባትሪውን ዞር ብሎም አላየው። ጣሪያውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ "ጋሼ፣ ይህ ሮቶ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚያጠላው?" አለኝ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ የሮቶው ጥላ አንዱ ፓኔል ጥግ ላይ ያርፋል። አንድ ጥግ ምን ያመጣል ብዬ ትቼው ነበር። "ፓኔሎቹ እንደ ጥማድ በሬ ተያይዘው የታሰሩ ናቸው፤ አንዱ ከተኛ ሌላውም አይራመድም" አለኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ሮቶውን ከፓኔሎቹ በስተሰሜን አዞርነው። ባትሪዬ ከገዛሁት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ያየሁት በማግሥቱ ነው። የተቀበለኝ የመኪናውን ብቻ ነው። የዕቁቡን ሥራ ለእሱ እንስጠው ብዬ የተሟገትኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሥራውን ከተቀበለ በኋላም ዋጋ ከመናገሩ በፊት ቤት ለቤት ዞረ። ሽቦ ላይ እንደ ጉጠት የሚነክስ የአምፔር መለኪያ ይዞ የእያንዳንዱን ዕቃ ፍጆታ ለባለቤቱ እያሳየ ይጽፋል። እንጀራ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሶላሩን የፈለጉት ለምጣዱ ነበር። ምጣዱን ለኮሱና መለኪያው 16 አለ። ፍሪጁ ላይ ሲያደርገው አንድ እንኳ አልሞላም። 16 አምፔር በ220 ቮልት ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ነው፤ ሊገዛላቸው የታሰበው ኢንቨርተር ደግሞ የሚችለው ሦስት ብቻ። "እትዬ፣ ምጣዱን ለመብራቱ ይተዉት፤ ለእሱ ብለው ከገዙ ትልቅ ገንዘብ ያወጣሉ፣ ጋግረው አያስመልሱትም" አላቸው። ተቀየሙት። እኔም ሽያጭ የሚያበላሽ ነጋዴ ስላላየሁ ገርሞኝ ነበር።

ጥግ ላይ ያሉት እማማ ቤት ደግሞ ሦስት አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ስልክ ነው ያለው። እሳቸውም እንደ ሰው እኩል ከፍለው አራት ፓኔል ይጠብቃሉ። "እማማ፣ ይህ ይበዛብዎታል፤ አንድ ፓኔልና ትንሽ ባትሪ ይበቃዎታል፣ የተረፈው ይመለስልዎ" ሲላቸው ቀና ብለው አዩትና "አንተ ልጅ፣ ሻጭ ነህ ወይስ ዘመዴ?" አሉት። ገንዘባቸው ተመለሰ፤ በግ ገዙበት።

በመጨረሻ ስምንቱ ቤት አራት አራት ባለ 550 ዋት ፓኔል፣ ሁለቱ ሁለት ሁለት፣ እማማ አንድ ሆነና 37 ፓኔል በአንድ አይሱዙ ገባ። በጅምላ በመግዛታችን ለትልልቆቹ ቤቶች የአንድ ፓኔል ዋጋ ያህል ተርፎላቸዋል። (የብሩን ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል።) ከዋጋው ይልቅ ግን የጠቀመን አንድ ዓይነት ዕቃ መግዛታችን ነው። አንዱ ቤት ኢንቨርተሩ ሲጮህ ጎረቤት ሄዶ አስተያይቶ ይመጣል፤ ለመጠባበቂያም አንድ ፊውዝ ለሁሉም ይሆናል። የእኔ ብቻ ሌላ ዓይነት ስለሆነ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ስለ ብርዳችን የነገረን ነገር ለዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። ፓኔል ሙቀት አይወድም፣ ሲግል የሚሰጠው ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ የምናማርረው ብርድ ከጥሩ ፀሐያችን ጋር ሲሆን ለፓኔሉ ምቾት ነው። ሊቲየም ባትሪ ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ኃይል መሙላት የለበትም፣ ይጎዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን ባትሪውን ጓሮ ዕቃ ቤት ልናደርገው አስበን ነበር፤ ሁሉንም ሳሎን ወይም ኮሪደር ውስጥ አስገባው። የእኔ ባትሪ ሊቲየም ሳይሆን ጄል የሚባለው ዓይነት ነውና ያው ባለበት ቀረ።

አሠራሩንም ልንገራችሁ። ቆርቆሮውን የሚበሳው ውኃ በሚወርድበት ቦይ ሳይሆን በጉብታው ላይ ነው፣ ያውም ከሥሩ ማገር መኖሩን አንኳኩቶ ካረጋገጠ በኋላ። እያንዳንዱ ብሬከር ላይ በነጭ ፕላስተር "የፀሐይ"፣ "የመብራት"፣ "የባትሪ" ብሎ በእጁ ጽፏል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። እኔ በሌለሁበት ባለቤቴ ስልክ ሳትደውል ማጥፋትና ማብራት የቻለችው በዚያች ጽሑፍ ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። ጠዋት ስልክ አያነሳም። አራት ቀን ይፈጃል ያለው ሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፣ ሁለቱን ቀን ጭራሽ አልመጣም። አንድ ቤት ደግሞ በመጀመሪያው ዝናብ አፈሰሰ። ሲነገረው ግን አልተከራከረም፤ በራሱ ወጪ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን መጥቶ፣ ብሎኑን ፈትቶ ጎማውን ቀይሮ፣ ቤቱ ውስጥ ቆሞ በባልዲ ውኃ አስፈስሶ አይቶ ነው የተመለሰው።

ክረምት ላይ ከፓኔሉ የሚገኘው በጥር ከሚገኘው በብዙ እንደሚያንስ አስቀድሞ ነግሮናል፣ እንዳለውም ሆነ። ሦስት ቀን የተከታተለ ደመና በመጣ ጊዜ ፍሪጅ ነቅለን አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ አስቀረን። መብራት በመጣ ሰዓት ባትሪው ከመስመሩም ስለሚሞላ ጨለማ ውስጥ ያደረ ቤት የለም። እንጀራ ሻጯ ጎረቤታችንም ታርቀውታል፤ ሊጡን ያዘጋጁና መብራት ሲመጣ ይጋግራሉ፣ ፍሪጃቸውና አምፖላቸው በሶላር ነው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ራሱ ስለጠየቀኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለአንድ ቤት ብቻ ርቆ መሄድ ይከብደዋል፤ ከአምስት ቤት በላይ ሆናችሁ ብትጠሩት ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ደውሉ። ሲመጣ ቡና አፍሉለት፣ ስኳር ግን አይወስድም።