ሐረጎን ማን ይወጣዋል? ዲዛየር፣ ኮሮላ እና ቢዚ 3 ለወሎ ቤተሰብ

ባለፈው እሑድ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንመለስ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ከፊታችን ቆመ። መኪናው የእህቴ ባል ሱዙኪ ዲዛየር ነው። ውስጡ አምስት ሰው አለ፤ ከኋላ ደግሞ ግማሽ ኩንታል ጤፍና ሁለት ሻንጣ። ተሳቢው ተነሣ፣ እኛም ልንነሣ ሞከርን። ሞተሩ ጠፋ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ወጣን፤ የተቃጠለ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። እናቴ ከኋላ ወንበር "ምንድን ነው የሚነደው?" አለች።

መኪናው ደህና ነው። አንድ ቀን በጣም ጫንነው፣ በዚያ ላይ ሾፌሩ ቸኮለ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ግን ያቺ ሽታ እኔ መኪና ስመርጥ የምጠይቀውን ጥያቄ ቀየረችው። ሻጭ "ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?" ብለን ስንጠይቀው ደስ ብሎት ይመልሳል። ወሎ ውስጥ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ቤተሰብ ጭኖ ዳገት ላይ ከቆመበት እንዴት ይነሣል? ቁልቁለቱንስ ፍሬን ሳያግል እንዴት ይወርዳል?

ሦስት ሴዳኖችን በዚህ ዓይን ላወዳድር። ማንዋሉ ሱዙኪ ዲዛየር 1.2፣ ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ቶዮታ ኮሮላ 1.8 እና ኤሌክትሪኩ ቶዮታ ቢዚ 3። ኤሌክትሪኩን ያስገባሁት ለፋሽን አይደለም። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ ገበያ ላይ የምናገኘው የቤንዚን ሴዳን በአብዛኛው ቀድሞ የገባ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ዛሬ የሚመርጠው በቆየ ቤንዚንና በአዲስ ኤሌክትሪክ መካከል ነው።

ደሴ ላይ ጉልበት ይቀንሳል

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ፣ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አንድ ያህል ያጣል። ደሴ ሲደርስ ሩቡ ሄደ ማለት ነው።

ዲዛየር ወረቀቱ ላይ 83 የፈረስ ጉልበት አለው። እዚህ የሚቀረው 62 ገደማ ነው። ኮሮላው 140 ገደማ ይዞ ይመጣል፤ 105 አካባቢ ይቀረዋል። የዲዛየር ማካካሻው ቅለቱ ነው፤ ባዶውን ከአንድ ቶን በታች ስለሚመዝን፣ ሁለት ሰው ብቻ ሲጭን ደሴ ውስጥ ፒያሳና ሰኞ ገበያ መካከል እንደ ፍየል ይዘላል። አምስት ሰው ሲጭን ግን ቅለቱ ያልቃል፤ ጉልበቱ ያው ነው።

ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ቢዚ 3 እንደ ባትሪው 135 ወይም 180 ኪሎዋት ሞተር አለው። ትንሹ ራሱ 184 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ይህን ጉልበት ኮምቦልቻ ላይ እንዳለው ሁሉ ደሴ ላይም አለው። የበረታው የመጎተት ኃይሉ ደግሞ መኪናው ገና ከቆመበት ሲነሣ ነው የሚገኘው። የሐረጎው ተሳቢ ጀርባ ቆማችሁ አስቡት። ፍሪሲዮን የለም፣ የሚንሸራተት ነገር የለም። እግር ትጫናላችሁ፣ ይሄዳል። በዚህ ጥያቄ ሦስቱ እኩል አይደሉም፤ ኤሌክትሪኩ ርቆ ይቀድማል።

ካምቢዮው

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ወሎ ውስጥ ሰው የሚከስረው በሞተር ሳይሆን በካምቢዮ ነውና።

የዲዛየሩ ማንዋል አምስት ማርሽ አለው። ቀላል ነው፣ የትም ይጠገናል። ዳገት ላይ ብልሃቱ ቀድሞ መቀነስ ነው። ሦስተኛ ላይ ሆናችሁ መኪናው እስኪንቀጠቀጥ አትጠብቁ፤ ኩርባው ሳይደርስ ሁለተኛ ግቡ። ከቆመበት ስታስነሡ ደግሞ የእጅ ፍሬን ተጠቀሙ እንጂ በግማሽ ፍሪሲዮን ይዛችሁት አትቁሙ። ከተሳቢ ጀርባ እንደዚያ መቆም የለመደ ሰው ፍሪሲዮኑን ከዕድሜው ቀድሞ ይጨርሰዋል። ዲዛየር ማርሹን በራሱ በሚቀይር ካምቢዮም ይመጣል። እሱን ለደሴ አልመክርም። ውስጡ ያው አንድ ፍሪሲዮን ነው፤ ዳገት ላይ በዝግታ ሲሳብ ፍሪሲዮኑን የሚያንሸራትተው እናንተ ሳትሆኑ ኮምፒውተሩ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

የኮሮላው ሲቪቲ ሌላ ዓለም ነው። ማርሽ የለውም። ሁለት የሚጠቡና የሚሰፉ ፑሊዎች መካከል የብረት ቀበቶ ይዞራል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡት የሞተሩን ዙር የሚያሳየው የአርፒኤም ቀስት 4,000 አልፎ እዚያው ይቀመጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ። ሰው "ካምቢዮው ይንሸራተታል" ብሎ ይደነግጣል። አብሽሩ፣ ጠባዩ ነው። ሞተሩን ጉልበት የሚያገኝበት ቦታ ላይ አቁሞ ሬሾውን፣ ማለትም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ እያስተካከለ ነው። ለቤተሰብ ጉዞ ደስ ይላል፤ ማርሽ ሲቀየር መንገጫገጭ ስለሌለ ልጆች ቶሎ አያቅለሸልሻቸውም።

ሲቪቲ የማይታገሠው የዘይት ስህተት ነው። የራሱ ዘይት አለው። ተራውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ብታደርጉበት ቀበቶው በፑሊው ላይ መያዝ ያለበትን ያህል አይዝም። አንድ ጋራዥ ውስጥ "ያው ነው፣ ዘይት ዘይት ነው" ብሎ ሊቀይርልኝ የነበረ ሰው ገጥሞኛል። ቆርቆሮውን አምጣ ብዬ ስመለከት የተራ አውቶማቲክ ዘይት ነበር። መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። እናንተም ቆርቆሮው ሲከፈት እዚያው ቁሙ። የቆየ ኮሮላ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ሻጩ "የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይቀየርም" ካላችሁ ዋጋ የምታስቀንሱበት ነጥብ አገኛችሁ። ዳገትና ሙቀት የለመደ ካምቢዮ ዘይት ይፈልጋል።

ቢዚ 3 ካምቢዮ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ አንድ ቋሚ ሬሾ ብቻ ነው ያለው። ፍሪሲዮን የለም፣ ቀበቶ የለም።

አሁን ቁልቁለቱ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ዲዛየርን ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ ላይ አስገብታችሁ ሞተሩ ይያዘው። ኮሮላውን በዲ ብቻ አትልቀቁት። ማርሽ መያዣውን ወደ ኤም ወይም ኤስ ሳቡት፣ ያኔ ሞተሩ ይይዘዋል። ይህን የማያውቅ የአውቶማቲክ ነጂ ሐረጎን በፍሬን ብቻ ሲወርድ፣ ታች ሲደርስ የፍሬን ሸራው ይሸታል።

ኤሌክትሪኩ ሲወርድ ሞተሩ ጄነሬተር ይሆናል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። እዚህ ላይ ግን ለደሴ ሰው ብቻ የምነግረው ነገር አለ። ሌሊቱን ቤት ሰክታችሁ 100 በመቶ ሞልታችሁ ጠዋት በቀጥታ ቁልቁል ከወረዳችሁ፣ ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ሞልቷል። ስለዚህ ትናንት ይይዝ የነበረው መኪና ዛሬ አልይዝም ይላል፣ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በማግሥቱ የምትወርዱ ከሆነ 90 ላይ አቁሙት። የቢዚ 3 ባትሪ በየጊዜው 100 መሙላት ይወዳል፤ እሱን ከተማ ውስጥ ብቻ በምትነዱበት ቀን አድርጉት።

ነዳጁና መብራቱ

የወረቀት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አታስቀምጡ፤ የተለኩበት ሚዛን ይለያያል። ዲዛየር በሕንድ ምዘና በሊትር 22 ኪሎ ሜትር ይባላል። ኮሮላ 1.8 በአሜሪካ ምዘና 14 ገደማ ነው። የአሜሪካው ጠበቅ ያለ ነው፣ የሕንዱ ለስለስ ያለ። ዲዛየር በእርግጥ ይቆጥባል፤ ግን ልዩነቱ 22 ለ14 አይደለም።

እኛ ጋ የሚሻለው ሒሳብ ይኼ ነው። አራት ሰው የጫነ ዲዛየር ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ፣ ለተራው መንገድ ከሚፈጀው ሌላ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 1 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ይፈልጋል። ኮሮላው ስለሚከብድ ወደ 1.2 ሊትር ይጠጋል። ይህን የሚቀንስ የአነዳድ ጥበብ የለም። ክብደት ነው። የማያስፈልግ ዕቃ ከኋላ ተሸክሞ መዞር የሚያስከፍለው እዚህ ነው።

ስትወርዱ ደግሞ ፎሌ አትልቀቁ፤ ማርሹን ነፃ አድርጋችሁ ማለቴ ነው! ብዙ ሰው ፎሌ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ ያምናል። በነዚህ መኪናዎች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሡ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋዋል፤ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። ፎሌ ስትለቁ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። በዚያ ላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል።

ኤሌክትሪኩ ያንኑ ዳገት ለመውጣት ከፍታው ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስድበታል፤ ከመንገዱ ጋር 7 ገደማ ይሆናል። ሲወርድ ግን ምንም ያልፈጀ ያህል ነው። የደርሶ መልሱ 7 ወይም 8 ኪሎዋት ሰዓት በተራ የቤት ሶኬት በአራት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ማደያ ደጅ ግማሽ ቀን ለተሰለፈ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ረጅም መንገድ ላይ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ቢዚ 3 በሁለት ባትሪ ይመጣል፤ 49.9 እና 65.3 ኪሎዋት ሰዓት። በቻይና ምዘና 517 እና 616 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። አንድ ሻጭ ይህን 616 እየጠቀሰ "አዲስ አበባ ደርሰህ ግማሽ መንገድ ትመለሳለህ" ብሎኛል። አይሆንም። ያ ምዘና ዝግ ባለ የከተማ ፍጥነት የሚበዛበት ነው። እኔ ለመንገዳችን የምቆጥረው 70 በመቶውን ነው። ትንሹ 360 ገደማ ይሆናል፣ ትልቁ 430። ደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ሲወጣ ሰው የጫነ ቢዚ 3 ለከፍታው ብቻ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ የትንሹን ባትሪ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ትንሹ ባትሪ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ይደርሳል ብላችሁ ልጆች ይዛችሁ አትውጡ። ትልቁም ቢሆን መንገድ ላይ የት እንደምትሞሉ ሳታረጋግጡ አይሆንም። የቻይና ሶኬት ስለሆነ፣ የምትሄዱበት ቻርጀር ያንን ሶኬት እንደሚቀበል ቀድማችሁ ደውሉ።

ታዲያ የቱ?

ስለ ውስጥ ስፋት ብዙ አልልም። ቢዚ 3 ከኋላ በጣም ሰፊ ነው፣ ኮሮላ ይበቃል፣ ዲዛየር ከኋላ ለሦስት ትልልቅ ሰው ይጠባል። ዕቃ መለዋወጫ ለኮሮላ ደሴ ውስጥ አታጡም። ለኤሌክትሪኩ ግን የሚፈታው ባለሙያ ማን እንደሆነና የት እንዳለ ከመግዛታችሁ በፊት ስሙን ይዛችሁ ውጡ።

ኑሯችሁ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ መካከል ከሆነ፣ ግቢና የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁ፣ ያለማመንታት ኤሌክትሪኩ። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ እንኳ የምትፈልጉት በየቀኑ ጥቂት ስለሆነ ባትሪው ይበቃችኋል። ተከራይታችሁ ሦስተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ግን ገመድ በመስኮት አውርዳችሁ ልትኖሩ አትችሉም፤ ተዉት።

በወር አንዴ አዲስ አበባ ወይም ላሊበላ የምትመላለሱ ከሆነ ኮሮላው። ሲቪቲው ካስፈራችሁ ማንዋሉን ፈልጉ፤ ከተገኘ ለወሎ ከዚያ የተሻለ የቤንዚን ሴዳን አላየሁም። ዲዛየርን የምሰጠው ለሁለትና ሦስት ሰው ቤተሰብ ነው፣ ኪሱን ለሚያይ፣ ጭነት ለማያበዛ። በማንዋሉ ብቻ።

ለእኔ ቤተሰብ ትልቁን ባትሪ ያለውን ቢዚ 3 መርጫለሁ። ለሻጩም ያልኩት አንድ ነገር ነው። ፒያሳን አንድ ጊዜ ዞሮ መመለስ አይበቃኝም፤ እናቴንና ልጆቹን ጭኜ ሐረጎን ወጥቼ ልውረድ። ቅዳሜ ጠዋት ቀጥሮኛል። ባትሪውን 90 ላይ አቁመህ አምጣው ብዬዋለሁ።