የቅንጦት ኮንቨርቲብል ወይስ ኩፔ? ከአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚመላለስ ገዢ የቀረበ ንጽጽር

ከለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ እየተመላለሰ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራና ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ባለ ሁለት በር የቅንጦት መኪና ለመግዛት የወሰነ ሰው በአብዛኛው ከሁለት ምርጫዎች ፊት ይቆማል፤ አንዱ ጣሪያው የማይነሳው ኩፔ ሲሆን ሌላው ጣሪያው ተጣጥፎ የሚከፈተው ኮንቨርቲብል ነው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ ሁለቱን በአንድ መሠረት ላይ ስለሚሠሯቸው ሞተራቸው፣ ካምቢዮአቸውና የፊት ወንበሮቻቸው ተመሳሳይ ናቸው፤ የመርሰዲስ ኢ ክላስ ኩፔና ካብሪዮሌ፣ እንዲሁም የቢኤምደብሊው 4 ሲሪስ ኩፔና ኮንቨርቲብል ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። በመሆኑም ንጽጽሩ የሚያርፈው በጣሪያው ላይና ጣሪያው እንዲከፈት መደረጉ በሚያስከትላቸው ነገሮች ላይ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ የሁለቱም ገበያ ቀደም ብለው ገብተው ታርጋ በለጠፉ መኪናዎች ላይ የተወሰነ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኮንቨርቲብል በዓለም ገበያም ገና ጥቂት ነው፤ ኤምጂ ሳይበርስተርና ማዜራቲ ግራንካብሪዮ ፎልጎሬ ይጠቀሳሉ፤ የመጀመሪያው ግን ሁለት ወንበር ብቻ ስላለው ልጆች ላሉት ሰው የዕለት መኪና ሊሆን አይችልም። ስለዚህ እዚህ የሚነገረው በዋናነት ያገለገለ መኪና ከባለቤቱ ወይም በደላላ በኩል ለሚገዛ ሰው ነው።

ሰማዩ ለማን ይስማማል?

ለኮንቨርቲብል የሚገባውን ምስጋና አስቀድሞ መስጠት ተገቢ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይውላል፤ ዝናቡም እምብዛም ነው። ጣሪያ ከፍቶ ለመንዳት ከዚህ የተሻለ የአየር ጠባይ ያላቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው፤ መኪናዎቹን የሠሩት ጀርመኖች እንኳ ይህን የመሰለ ረጅም በጋ አያገኙም። ይሁን እንጂ በታኅሣሥ ወር ንጋት ላይ ከሱሉልታ ተነሥቶ እንጦጦን የሚያቋርጥ ሰው ጣሪያውን ለመክፈት አይደፍርም፤ በአንዳንድ መርሰዲሶች ወንበር ላይ የተገጠመው ሞቃት አየር ወደ አንገት የሚነፋ መሣሪያም ቢሆን የዚያን ሰዓት ብርድ አይመክትም። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የፀሐይዋ ሙቀት ባይሰማም ጨረሯ ከባድ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ጎጂው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከአያት እስከ መገናኛ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ቆሞ የዋለ አናት ማታ ይቆጠቁጣል፤ የቆዳ ወንበሮቹም ቀለማቸው ይለቃል።

ክረምቱ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ጣሪያው ተዘግቶ ስለሚከርም፣ ባለቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ያወጣበትን ነገር ከሩብ ዓመት በላይ አይጠቀምበትም። በበልግ ወራት ድንገት ለሚወርደው ዝናብ የጣሪያው የመዝጊያ ፍጥነት ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2020 የተሠራው 4 ሲሪስ የላሜራ ጣሪያ ያለው ሲሆን ለመዝጋት 20 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ መኪናውም በሰዓት ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ አይሠራም። ከእርሱ በኋላ የመጣው የሸራ ጣሪያ በ10 ሰከንድ ገደማ ይዘጋል፤ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኢ ክላስ ካብሪዮሌ በ20 ሰከንድ የሚዘጋ ቢሆንም እርሱም በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሳለ ይዘጋል። በቀለበት መንገድ ላይ ዳር ይዞ ለመቆም የማይቻልበትን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ምድሩስ?

የኮንቨርቲብል ችግር የሚጀምረው ከአስፋልት ሲወጣ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ባሉ ብዙ ሰፈሮች ከዋናው መንገድ እስከ ግቢ በር ያለው ወይ ኮብልስቶን ነው፣ ወይ ኮሮኮንች። ቋሚ ጣሪያ የመኪናውን አካል ከላይ አስሮ የሚይዝ በመሆኑ፣ እርሱ ሲቀር አምራቹ ወለሉንና የፊት መስታወቱን ክፈፍ በተጨማሪ ብረት ያጠናክራል፤ በዚህ ምክንያትና በጣሪያው ማንቀሳቀሻ ክብደት የተነሣ ኮንቨርቲብሉ ከወንድሙ ኩፔ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ይከብዳል። ይህም ሆኖ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲነዳ የውስጡ ስፖኪዮ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ የበሩ መስታወትም ከጣሪያው ጎሚኒ ጋር እየተፋተገ ሲጥ ሲጥ ይላል። ኩፔው በዚያው መንገድ ይነጥራል እንጂ አይወላገድም። ዓመታት ሲያልፉ ይህ ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል፤ ጎሚኒው ሲደርቅ የንፋስና የዝናብ መግቢያ ይሆናልና።

ከመሬት ባላቸው ከፍታ ግን አይለያዩም። ሁለቱም ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች ስለሆኑ በየሰፈሩ ነዋሪው በራሱ የሠራው ጉብታ ፓራውልታቸውን እኩል ይልጠዋል። ብዙዎቹ ቢኤምደብሊዎች አየር ጠፍቶባቸውም ለጥቂት ርቀት በሚሄዱ ጎማዎች የሚነዱና ስኮርታ የሌላቸው መሆናቸውም የጋራ ጣጣ ነው፤ የሰፈር ጎሚስታ ይህን ዓይነት ጎማ ለመፍታት ይቸገራል።

አቧራው ከኮሮኮንቹ ይብሳል። በኮዬ ፈጬና በለገጣፎ ዙሪያ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ከጎማ ጋር ተጣብቆ ይወጣል፤ በበጋ ደርቆ ይተናል። ይህ አቧራ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር ሆኖ ሸራው በሚታጠፍበት ቦታና ውኃ በሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጠራቀማል። ቱቦው የተደፈነበት ኮንቨርቲብል በመጀመሪያው የሐምሌ ዶፍ ውኃውን ወደ ምንጣፉ ሥር ያወርደዋል፤ እዚያ ደግሞ በብዙ መኪናዎች የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሣጥኖች ተቀብረዋል። ኩፔ ከዚህ በአብዛኛው ነፃ ነው። በቃሊቲ በኩል ለሚገባ ሰው ደግሞ ጣሪያ ከፍቶ ከሲኖትራክ ኋላ መሰለፍ ማለት በነጭ ሸሚዝ ወጥቶ በግራጫ ሸሚዝ ቢሮ መግባት ማለት ነው።

የሰው ዓይንም አለ። ክፍት መኪና በእኛ ከተማ በአብዛኛው የሚታየው ሙሽሮችን ይዞ ስለሆነ፣ በተራ ማክሰኞ ብቻውን የሚነዳ ሰው በየመብራቱ «ሙሽሪት የት ቀረች?» የሚል ዓይን ይከተለዋል። ይህን የሚወድ አለ፤ የሚሸማቀቅም አለ።

ዕቃ፣ ቤተሰብና ማደሪያ

በኩፔዎቹ የኋላ ዕቃ መጫኛ ከ420 እስከ 445 ሊትር ቦታ ይገኛል። ኢ ክላስ ካብሪዮሌ ጣሪያው ሲዘጋ 385፣ ሲከፈት 310 ሊትር ያህል አለው። የላሜራ ጣሪያ ያለው 4 ሲሪስ ደግሞ ሲዘጋ 370 የነበረው ሲከፈት ወደ 220 ሊትር ይወርዳል፤ በዚያ ላይ የተጣጠፈው ጣሪያ መግቢያውን ስለሚያጠበው ግማሽ ኩንታል ጤፍ ማስገባት ትግል ይጠይቃል። የኋላ ወንበራቸው ለሁለቱም የአጭር ጉዞ ወንበር ነው፤ የኮንቨርቲብሉ መደገፊያ ይበልጥ የቆመና ጠበብ ያለ ነው። ነገር ግን ጣሪያው ሲከፈት እናትን ወይም አያትን ከኋላ ማስቀመጥ ከኩፔው ይቀላል፤ አንገት ደፍቶ መሹለክ አያስፈልግምና።

ማደሪያው የሁሉም ወሳኝ ነው። ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ ጋራዥ ያለው ሰው ስለ ሸራ ብዙ ሊጨነቅ አይገባውም፤ በኮንዶሚኒየም ክፍት ሜዳ ለሚያሳድር ሰው ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ስፖኪዮና መብራት መሰረቅ የሁለቱም ሥጋት ሲሆን፣ ሸራ ደግሞ በስለት ይቀደዳል፤ የተቀደደ ሸራ ሙሉ በሙሉ መቀየር ሊኖርበት ይችላል። በዚህ በኩል የላሜራ ጣሪያው የተሻለ ነው።

በሞተር ጉልበት ረገድ ነጥቡ አጭር ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ እንደ አሮጌው መርሰዲስ ሲኤልኬ ባለ መኪና የኮንቨርቲብሉ ትርፍ ክብደት የእንጦጦ ዳገት ላይ ይታወቃል። ተርቦ ባላቸው አዳዲሶቹ ላይ ልዩነቱ ብዙም አያሳስብም። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ120 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ደግሞ ሸራው የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን የንፋሱ ድምፅ ከኩፔው ይልቃል።

በእኔ እምነት ያለው አንድ መኪና ብቻ የሆነና በከተማዋ ዳርቻ የሚኖር ሰው ኩፔውን መግዛት አለበት። ኮንቨርቲብል የሚመከረው ሦስት ነገር ለተሟላለት ነው፤ እነዚህም የተከደነ ማደሪያ፣ እስከ በሩ የሚደርስ አስፋልትና ለክረምት የሚሆን ሌላ መኪና ናቸው። እነዚህ ያሉት ሰው ከጥቅምት እስከ የካቲት የሚያገኘውን ደስታ ኩፔ ሊሰጠው አይችልም፤ ይህን መካድም ተገቢ አይሆንም።

ኮንቨርቲብሉን የመረጠ ገዢ ከሊብሬውና ከቦሎው በፊት ጣሪያውን ይመርምር። ሞተሩ እየሠራ ደጋግሞ ያስከፍት፣ ያስዘጋ፤ መሐል ላይ የሚያመነታ ወይም አንዱ ጎን ቀድሞ የሚሄድ ከሆነ ጣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ግፊት ወይም ሴንሰሩ ችግር አለበት ማለት ነው። የዕቃ መጫኛውን የጎን ልባስ ገልጦ የዘይት እርጥበት ይፈልግ። ምንጣፉን በእጁ ተጭኖ ይዳብስ፤ የሻጋታ ሽታ ካለ ሽቶ የተረጨበት መሆኑንም ይጠርጥር። ከዚያም ወደ ላቫጆ ወስዶ፣ በኃይለኛ ግፊት ሳይሆን በተራ የውኃ ጎማ፣ በመስታወቶቹ ጠርዝ ላይ ውኃ ያስፈስስ፤ እርሱ ውስጥ ተቀምጦ ይመልከት። የጣሪያ ሞተርና ፓምፕ ሶማሌ ተራ ሄዶ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ፣ ሻጩ «ትንሽ ፊውዝ ነው» ያለውን ብልሽት አስቀድሞ አሠርቶ እንዲያስረክብ መጠየቅ፣ ካልሆነም ጣሪያው እንደማይሠራ ቆጥሮ በዚያው ዋጋ መደራደር ይገባል።